ታወር በሌለበት ሜዳ ስንለማመድ ሌላውን አውሮፕላን በጊዜ እንዴት ማየት ይቻላል?

የሽንብጥ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አሁን ኬንያ ውስጥ የአብራሪነት ትምህርት ላይ ነኝ፤ ለእረፍት ቤተሰብ ጋ መጥቻለሁ። ከመመለሴ በፊት ልምድ ያላችሁን ሰዎች ልጠይቅ ብዬ ነው።

የምንለማመደው ከናይሮቢ ወጣ ብሎ ባለ ትንሽ ሜዳ ነው። ታወር፣ ማለትም በረራ የሚቆጣጠር ሰው ያለበት ማማ፣ የለውም። ሁሉም አብራሪ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሆኖ «እዚህ ነኝ፣ ይህን ላደርግ ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ በዓይን ተያይቶ መተላለፍ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አየሩ ጥርት ሲል ሁሉም ይወጣል። ሰርኪቱ፣ ማለትም ሜዳውን ዙረን የምናርፍበት መስመር፣ ይጨናነቃል።

በቅርቡ እኔና አስተማሪዬ በሴስና 172፣ በትንሽ የልምምድ አውሮፕላን፣ ሰርኪት እየሠራን ነበር። የግራ ሰርኪት ነው። ከዳውንዊንድ (ከማኮብኮቢያው ጎን ለጎን ከሚኬድበት መስመር) ወደ ቤዝ (ወደ ማረፊያው መስመር ወደሚያደርሰው) ዞረናል። እኔ ፍጥነቴን እየጠበቅኩ ነው፤ እሳቸው ስለ ፍላፕ (ለማረፍ ሲባል ከክንፉ ኋላ ስለሚወርደው ክፍል) እያስረዱኝ ነው። በስተቀኝ፣ በትከሻቸው በኩል፣ ነጭ ነገር አየሁ። ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል። «ሰር» አልኳቸው። የጀመሩትን ሊጨርሱ ቀጠሉ። በጣቴ ሳሳያቸው ዞር ብለው አዩና መሪውን ተቀበሉኝ። ከፍ አድርገው ከኋላው አሳለፉን። ከሩቅ በቀጥታ ፋይናል፣ ማለትም ወደ ማኮብኮቢያው የሚያስገባው የመጨረሻ መስመር ላይ፣ የገባ አውሮፕላን ነበር። በሬዲዮ አንድም ቃል አልሰማንም።

መሬት ስንወርድ የተባልኩት «ውጭ ውጭውን ተመልከቺ» ነው። ይህን ሁሉም ሰው ይለኛል። ግን እንዴት ነው የሚታየው? ዓይኔን ምን ላድርገው? የፍጥነት መለኪያውን ካላየሁ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ያ አውሮፕላንስ ለምን የቆመ መሰለኝ?

እናቴ የ1981ዱን የባሕር ዳር የአውሮፕላን አደጋ በደንብ የምታስታውስ ሰው ናት። ስደውልላት መጀመሪያ የምትለኝ «ዛሬ በረርሽ?» ነው። ለእሷም ለእኔም የሚሆን፣ በእጅ የሚያዝ መልስ እፈልጋለሁ።

ጡረተኛ አስተማሪ፦

እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ ልጄ። ልክ ነሽ። «ውጭ ተመልከቺ» ብቻውን ትምህርት አይሆንም።

እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ቀኝ ወንበር ላይ ነው። ሰልጣኝ በግራ፣ እኔ በቀኝ። አሁን ጡረታ ወጥቼ እዚሁ ባሕር ዳር ነኝ። ጊዜ ስላለኝ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሣ። አውሮፕላኑ የቆመ የመሰለሽ ወደ ግጭት እየሄዳችሁ ስለነበር ነው። ሁለት አውሮፕላኖች አቅጣጫም ፍጥነትም ሳይለውጡ ሄደው አንድ ነጥብ ላይ የሚገናኙ ከሆነ፣ አንዱ በሌላው መስኮት ላይ ቦታውን አይለቅም። ወደ ግራም ወደ ቀኝም፣ ወደ ላይም ወደ ታችም አይልም። የሚለወጠው መጠኑ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ነጥብ ሆኖ ይቆይና መጨረሻ ላይ ድንገት ይገዝፋል። የሰው ዓይን ደግሞ ቶሎ የሚነቃው የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ነው። መስኮትሽ ላይ የሚሮጠውን አውሮፕላን ወዲያው ታይዋለሽ፤ እሱ ግን ያልፋል። የሚመጣብሽ ያ የማይንቀሳቀሰው ነው። መስኮትሽ ላይ ተለጥፎ የቀረ ነጥብ ካየሽ ምን እንደሆነ እስክትለዪ አትጠብቂ። አቅጣጫ ወይም ከፍታ ለውጪ። ነጥቡ ከቦታው መንቀሳቀስ ሲጀምር መንገዳችሁ ተለያየ ማለት ነው።

አሁን ጊዜውን እናስላው። ሁለታችሁም በ100 ኖት (በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር ገደማ) ፊት ለፊት ብትመጡ የምትቀራረቡት በ200 ኖት ነው። ይህ በሴኮንድ ከ100 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ለአብራሪዎች ባወጣው ምክር፣ አብራሪው ነገሩን ካየበት ቅጽበት አንሥቶ አውሮፕላኑ አቅጣጫ እስኪለውጥ 12.5 ሴኮንድ ይሄዳል። አውሮፕላን መሆኑን ለመለየት 1 ሴኮንድ። «ወደ እኔ ነው የሚመጣው» ብሎ ለማመን 5። ምን ላድርግ ብሎ ለመወሰን 4። አውሮፕላኑ እስኪታዘዝ 2። ለማየትና እጅ ለማንቀሳቀስ የሚሄደው ተደምሮ ግማሽ ሴኮንድ ብቻ ነው። አየሽ? ጊዜውን የሚበላው እጅሽ አይደለም። ማመንና መወሰን ነው የሚበላው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ወደ 1,300 ሜትር ትቀራረባላችሁ። ክንፉ 11 ሜትር የሆነ ሴስና ከ1,300 ሜትር ላይ ከፊት ሲታይ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ገምቺው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ናይሮቢም እንደ ባሕር ዳር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ አየሯ ስስ ነው። መለኪያሽ 90 ኖት ሲል አውሮፕላንሽ በአየሩ ውስጥ በ100 ኖት ገደማ ነው የሚሄደው። ባሕር ጠለል አጠገብ ከሚማረው ልጅ ይልቅ ያንቺ ጊዜ ያጥራል፣ ስትዞሪም ሰፊ ቦታ ትወስጃለሽ።

ስለ ዓይን። ዓይን እየተንሸራተተ በደንብ አያይም። ሰማዩን ከግራ ወደ ቀኝ ጠረግ አድርጎ ማየት አየሁ ያሰኛል እንጂ አያሳይም። ቆራርሰሽ እዪው። አንዱ ቁራጭ 10 ዲግሪ ይሁን፤ ይህም እጅሽን ወደ ፊት ዘርግተሽ የጨበጥሽው ቡጢ ስፋት ገደማ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቢያንስ አንድ ሴኮንድ ዓይንሽን አቁሚ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ዝለዪ። በየሁለት ወይም በየሦስት ቁራጩ አንዴ ወደ ውስጥ፣ መለኪያው ላይ። ወዲያው ደግሞ ውጭ። ከጊዜሽ ከሦስት አንዱ እንኳ ውስጥ አይሂድ። የአፍንጫውን አቀማመጥ ከአድማሱ ጋር ከያዝሽው ፍጥነቱ ብዙ አይርቅሽም፤ መለኪያው ለማረጋገጫ ነው።

ጥርት ያለ ባዶ ሰማይ ደግሞ ያታልላል። የሚያርፍበት ነገር ያጣ ዓይን ሳታውቂው ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ያነጣጥራል። ሩቁ ይደበዝዝብሻል። ስለዚህ በየጊዜው ሩቅ ተራራ ላይ ወይም የደመና ጠርዝ ላይ አነጣጥሪ፣ ከዚያ ወደ ሰማዩ ተመለሺ። እስክትሄጂ ድረስ ይህን ሐይቁ ዳር ልትለማመጂው ትችያለሽ። ጠዋት ቁጭ በዪ። መጀመሪያ ዘጌን አነጣጥሪ። ከዚያ ሰማዩን በቡጢሽ ልክ እየቆራረስሽ ወፎቹን ፈልጊ። ሰልጣኞቼን መሬት ላይ እንዲህ አለማምዳቸው ነበር። ዓይኑን እያቆመ የሚያየውና ጠርጎ የሚያየው ልጅ የሚያገኙት የወፍ ብዛት በጣም ይለያያል።

ሴስና ክንፉ ከላይ ነው። በምትዞሪበት በኩል ክንፉ ይወርድና ልትሄጂበት ያለውን ሰማይ ይጋርድብሻል። ስለዚህ ከመዞርሽ በፊት ያንን ክንፍ ትንሽ አንሺ፣ እዪ፣ ከዚያ ዙሪ። ክንፉ ከታች የሆነ አውሮፕላን ደግሞ ከሥሩ ያለውን አያይም። ፋይናል ላይ ክንፈ ታቹ ከላይ፣ ክንፈ ላዩ ከታች ሆነው ቢወርዱ ሁለቱም ሳይተያዩ መሬት ሊደርሱ ይችላሉ። የአየር ላይ ግጭት ሲባል ሰው ደመናና ጨለማ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። አብዛኛው የሚሆነው በጠራራ ፀሐይ፣ ትንንሽ ሜዳዎች አጠገብ፣ ሰው በሚበዛበት ቀን ነው። ፋይናል ላይ ደግሞ ይበረክታል። ምክንያቱም ሁሉም ወደ አንድ ማኮብኮቢያ፣ በአንድ መስመር፣ ዝቅ እያለ ይመጣል። ብዙ ጊዜም አንዱ ሌላውን ከኋላ ይደርስበታል።

አሁን እኔን ከምንም በላይ የሚያሳስበኝ ጋ ደረስኩ። በልምምድ በረራ ላይ አራት ዓይን አለ። አራት ዓይን ስላለ ደኅንነቱ እጥፍ ነው ብለን እናስባለን። አንቺ የጻፍሽውን ግን መልሰሽ አንብቢው። አንቺ ፍጥነቱን ትጠብቂያለሽ። አስተማሪሽ አንቺን ይጠብቃሉ። ውጭውን ማን እየጠበቀ ነበር? ያ አውሮፕላን የመጣው በቀኝ ነው። ቀኙ የሳቸው መስኮት ነው፤ አንቺ ከግራ ወንበር ሆነሽ የምታይው በትከሻቸው ላይ አሻግረሽ ነው። ሰልጣኝ ብቻውን ሲበርር ውጭውን የሚያይለት ሌላ ሰው እንደሌለ ያውቃል። ሁለት ሲሆኑ አንዱ በሌላው ይተማመናል። አስተማሪ ደግሞ ለማስተማር ሲጓጓ ዓይኑ ተማሪው እጅ ላይ ይቀራል። ተማሪ የሚሳሳተው እዚያ ነዋ።

ስለዚህ ሥራው መሬት ላይ፣ ሞተር ሳይነሣ፣ በቃል መከፋፈል አለበት። የግራው ያንቺ፣ የቀኙ የሳቸው። ዳውንዊንድ መጨረሻ ላይ ከደረሳችሁ ጀምሮ መሬት እስክትነኩ ትምህርት ይቁም። ፍላፑም፣ ፍጥነቱም፣ የመሪው አያያዝም ከወረዳችሁ በኋላ በሻይ ሰዓት ይወራል። ለበረራው ደኅንነት ካልሆነ በቀር እዚያች ክፍል ላይ ማንም ማብራሪያ አይስጥ። ወደ ቤዝ ከመዞርሽ በፊት የፋይናሉን መስመር ከማኮብኮቢያው ጫፍ እስከ ሩቅ ድረስ በዓይንሽ ሂጂበት። ጮክ ብለሽ «ፋይናል ነፃ ነው» በዪ። እሳቸውም አይተው «ነፃ ነው» ይበሉ። ሁለታችሁም ካላላችሁ አትዞሩም።

ሁለት አደጋ ልንገርሽ። ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም፤ የምለው ነገር ከየት እንደመጣ እንድታውቂ ነው። የካቲት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. አንቺ በምትማሪበት አገር፣ ዊልሰን ኤርፖርት አቅራቢያ፣ አንድ ዳሽ 8 የመንገደኛ አውሮፕላን ልምምድ ላይ ከነበረ ሴስና 172 ጋር ተጋጨ። ዳሽ 8ቱ 44 ሰው እንደያዘ ተመልሶ በሰላም አረፈ። ሴስናው ናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወደቀ። ተማሪውም አስተማሪውም ሞቱ። ዊልሰን ታወር ያለው ኤርፖርት ነው። ታወር መኖሩ ዓይንን ጡረታ አያስወጣም።

ሁለተኛው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ፣ ሳንዲያጎ ላይ፣ ለማረፍ የሚገባ ቦይንግ 727 እንዲሁ ልምምድ ላይ ከነበረ ሴስና 172 ጋር ተጋጨ። የቦይንጉ አብራሪዎች ስለ ሴስናው ተነግሯቸው ነበር። አይተውትም ነበር። ከዚያ ጠፋባቸው። አልፈነዋል ብለው አሰቡ። ከዓይናችን ጠፍቷል ብለው ግን ለተቆጣጣሪው በግልጽ አልተናገሩም። መሬት ላይ የነበሩትን ጨምሮ 144 ሰው አለቀ። ስለዚህ አንዴ ያየሽው አውሮፕላን ከጠፋብሽ አልፏል ብለሽ አትቁጠሪው። «ጠፍቶብኛል» በዪ። በሬዲዮም ቢሆን።

ኮድ ጸሐፊው፦

ጋሼ ያሉት ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ በዚህ ዘመን ይህን ሁሉ በዓይን ማድረግ ለምን ያስፈልጋል? ታብሌት ላይ የሚሠራ ትንሽ የኤዲኤስ-ቢ መቀበያ፣ ማለትም አውሮፕላኖች ቦታቸውን የሚያስተላልፉበትን ምልክት የሚይዝ መሣሪያ፣ አለ። ዙሪያሽ ያለውን አውሮፕላን ከነከፍታው በካርታ ላይ ያሳይሻል። እሱን ገዝተሽ ተገላገዪ።

ረዳት አብራሪ፦

የአየር መንገድ ረዳት አብራሪ ነኝ፤ ባሕር ዳርም እመላለሳለሁ። ለኮድ ጸሐፊው ልመልስ።

መቀበያው ጥሩ ነገር ነው። ከቻለች ትግዛ። ግን የሚያሳየው የሚያስተላልፈውን ብቻ ነው። ትራንስፖንደር የሚባለው አስተላላፊ የሌለው፣ ወይም ኖሮት ያልከፈተ አውሮፕላን አይታይም። እህታችን በነገረችን አጋጣሚ ያ አብራሪ በሬዲዮ እንኳ አልተናገረም። ሌላው ነገር፣ ሰርኪት ውስጥ ታብሌት ላይ ያቀረቀረ ዓይን ውጭ የለም። እኔ ብሆን ወደ ሜዳው ከመድረሴ በፊት አየዋለሁ፤ ስንት እንዳሉና የት እንዳሉ በአእምሮዬ እይዛለሁ። ሰርኪት ከገባሁ በኋላ አልነካውም።

እኛ ትልልቆቹ ላይ ቲካስ አለ። ሁለት አውሮፕላኖች ሲቃረቡ አንዱን «ውጣ»፣ ሌላውን «ውረድ» ብሎ ያዝዛል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ከመሬት 1,000 ጫማ ገደማ በታች ሲሆን ያንን ትእዛዝ መስጠት ያቆማል። መሬት አጠገብ «ውረድ» ማለት ራሱ አደጋ ስለሆነ ነው። የትንንሽ አውሮፕላኖች ሰርኪት ደግሞ ብዙ ጊዜ 1,000 ጫማ ላይ ነው፤ ቤዝና ፋይናል ከዚያ በታች። ያ ሁሉ ውድ መሣሪያ ዝም በሚልበት ቦታ ላይ ነው ሰልጣኞች የሚለማመዱት። እዚያ ያለው መሣሪያ ዓይን ነው።

ለእናትሽም አንድ ነገር ልበል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የሆነው ከወፍ ጋር የተደረገ ግጭት ነው። ቦይንግ 737ቱ ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሲነሣ የርግብ መንጋ ውስጥ ገባ። ሁለቱም ሞተሮች ርግብ ዋጡ። አንዱ ወዲያው፣ ሌላው ወደ ሜዳው ሲመለሱ ኃይል አጣ። ጎማው ሳይወርድ መሬት ነካ፣ እሳት ተነሣ። ከ98 መንገደኞች 35ቱ ሞቱ፤ ስድስቱም የበረራ ሠራተኞች ተረፉ። እዚህ ስመጣ ሁሌም አስበዋለሁ። ሐይቅ ያለበት ቦታ ወፍ አለ። ወፍ ደግሞ በታብሌቱም በቲካሱም ስክሪን ላይ አትታይም።

ስለዚህ እህቴ፣ ዓይንሽን ስታሠለጥኚ ለአውሮፕላን ብቻ አይሁን። የወፍ መንጋ ብዙውን ጊዜ መሪዎቹ ከላይ፣ የቀሩት ከነሱ በታች ሆነው ነው የሚበርረው። ፍጥነትሽ የሚፈቅድ ከሆነ ከፍ ብለሽ እለፊ። ከሥራቸው ለማለፍ አትሞክሪ።

የጀልባ ሰው፦

እኔ አብራሪ አይደለሁም፤ ወደ ዘጌና ወደ ደቅ ሰው የማመላልስ የጀልባ ሰው ነኝ። ጋሼ ስለማይንቀሳቀሰው ነጥብ የጻፉትን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሐይቁ ላይም ነገሩ እንደዚሁ ነው። ሌላ ጀልባ በጎን ሲመጣ ከጀልባዬ ጣሪያ ምሰሶ ጋር አስተያየዋለሁ። ከምሰሶው ወደ ፊት እየቀደመ ከሄደ ቀድሞኝ ያልፋል። ወደ ኋላ ከቀረ እኔ እቀድመዋለሁ። ምሰሶው ላይ እንደተለጠፈ ከቀረ እንገናኛለን። ያኔ ፍጥነቴን እቀንስና በኋላው በኩል አልፋለሁ። በፊቱ ልለፍ ብሎ መሽቀዳደም ነው ሰው የሚያስጨርሰው። ልጅት፣ ያንቺም አውሮፕላን የመስኮት ቋሚ ብረት አያጣም። ራስሽን ሳታንቀሳቅሺ በሱ አስተያዪው።

ሌላው ፀሐይ ነው። ጠዋት ወደ ምሥራቅ ስሄድ ፀሐይዋ ውኃው ላይ ስታንጸባርቅ ታንኳ አይታየኝም። ታንኳ ዝቅ ያለች ናት፣ ከውኃው ጋር ትመሳሰላለች። በዚያ ሰዓት እኔ ባላየው እሱ እንዲያየኝ ነው የምጥረው፤ ድምፅ አሰማለሁ፣ ቀስ እላለሁ። እናንተም መብራት አላችሁ አይደል? ቀንም ቢሆን አብሩት።

የሽንብጥ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ ጠዋት ሐይቁ ዳር ሄጄ በቡጢ ልክ እየቆራረስኩ ሳይ ነበር። እውነትም ይለያል። የምሰሶውን ነገር ደግሞ ከጀልባዎቹ ላይ ሞከርኩት፣ ይሠራል።

ጋሼ፣ ካላስቸገርኩዎ ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ካየሁት በኋላ ወዴት ነው የምዞረው? ሁለተኛ፣ በሬዲዮ የማይናገረውን ሰው ምን አደርገዋለሁ? ሦስተኛው ይከብደኛል። አስተማሪዬ ትልቅ ሰው ናቸው፣ በዕድሜ ከአባቴ ይበልጣሉ። ሲናገሩ ማቋረጥ አልችልም። «ሰር» ብዬ ዝም ያልኩት ለዚያ ነው። ሥራ እንከፋፈል ማለትስ እኔ ነኝ የምላቸው?

ጡረተኛ አስተማሪ፦

አላስቸገርሽኝም ልጄ። በመጀመሪያ የጀልባውን ወንድሜን ላመስግን። እኔ በአንድ ሙሉ አንቀጽ የጻፍኩትን በአንድ ምሰሶ አስረዳው። መብራቱንም ልክ ብሏል፤ የማረፊያ መብራት ሰርኪት ውስጥ ቀንም ይበራል።

የመዞሩ ሕግ ዓለም አቀፍ ነው፣ አጭር ነው። ፊት ለፊት ከመጣችሁ ሁለታችሁም ወደ ቀኝ። መንገዳችሁ የሚቆራረጥ ከሆነ ሌላውን በቀኙ የሚያየው ነው መንገድ የሚለቀው። ከኋላ ደርሶ የሚያልፍ በቀኝ በኩል ነው የሚያልፈው፤ የሚታለፈው ቅድሚያ አለው። ለማረፍ ሲሆን ዝቅ ያለው ይቀድማል፤ ግን ይህን ሰበብ አድርጎ ፋይናል ላይ ያለውን ሰው ፊት መቁረጥ ክልክል ነው። ባንቺ ጉዳይ ያ አውሮፕላን በቀኛችሁ ነበር፣ ፋይናልም ላይ ነበር። መልቀቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ፤ አስተማሪሽም ለቀዋል። ከዚህ በተረፈ ቅድሚያው የኔ ነው ብለሽ ቦታሽ ላይ አትድረቂ። እሱ እንዳላየሽ ቁጠሪ።

ስለማይናገረው። ሬዲዮው ተበላሽቶ ይሆናል፣ ሌላ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሆኖ ይሆናል፣ ወይም የሚናገረው እናንተ በምትናገሩበት ቅጽበት ስለሆነ ታፍኖ ይሆናል። የሬዲዮ ዝምታ ሰማዩ ባዶ ነው ማለት አይደለም። አንቺ ግን የድርሻሽን ተወጪ። የሜዳውን ስም መጀመሪያም መጨረሻም ላይ በዪ፤ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ብዙ ሜዳ ሊኖር ይችላል። ያለሽበትን፣ ከፍታሽን፣ ቀጥሎ የምታደርጊውን። ከዚያ ዝም ብለሽ አዳምጪ። ሲናገሩ እያንዳንዱን አውሮፕላን ሰማዩ ላይ ቦታ ስጪው፤ «አንዱ ክሮስዊንድ (ከተነሡ በኋላ የሚዞሩበት የመጀመሪያው መስመር) ላይ ነው፣ አንዱ ከኋላዬ ነው» እያልሽ። ቦታ የሰጠሽውን ካላየሽው ፈልጊው። ከፍታችሁም ልክ የሚሆነው ከፍታ መለኪያችሁ ላይ የአየር ግፊቱን ሁላችሁም አንድ ዓይነት ከሞላችሁ ነው። በ10 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የተሳሳተ ሰው 1,000 ጫማ ላይ ነኝ እያለ ወደ 300 ጫማ ይስታል።

ሦስተኛው ነው ዋናው። አዋቂ ሲናገር መሃል እንዳንገባ ሆነን ነው ያደግነው። መልካም አስተዳደግ ነው፣ አትተይው። ግን ማክበርሽን የምታሳዪበት ቦታ ብሪፊንጉ፣ ከበረራ በፊት የምትነጋገሩበት ጊዜ፣ ነው። ኮክፒት ውስጥ ያንን ለማመዛዘን ጊዜ የለሽም፤ ከ12.5 ሴኮንዱ ላይ ነው የምትቆርጪው። ስለዚህ ፈቃዱን አስቀድመሽ ተቀበዪ። እንዲህ በያቸው፦ «ሰር፣ የሆነ ነገር ካየሁ ‹ትራፊክ› እላለሁ። ያኔ ምንም እያሉ ቢሆን እንዲያቆሙልኝ እጠይቃለሁ። እርስዎም ካዩ እንደዚሁ ይበሉኝ፣ እኔም የያዝኩትን እተዋለሁ።» ይህ መዳፈር አይደለም። እኔ በቀኝ ወንበር ሳለሁ እንዲህ የሚለኝ ተማሪ ሳገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምክንያቱም እኔም ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ነበረኝ።

ስትናገሪም «ሰር» ብለሽ አትጀምሪ። «ሰር» ሲባል ሰው ጥያቄ ይመጣል ብሎ ይጠብቃል፣ ዓረፍተ ነገሩን ይጨርሳል። «ትራፊክ! በስተቀኝ! ዝቅ ብሎ! አይንቀሳቀስም!» በዪ። «አይንቀሳቀስም» ሲባል አስተማሪ የሆነ ሰው ሁሉ ይዞራል።

የዳውንዊንዱን ዝምታም በዚያው ብሪፊንግ ላይ ጠይቂያቸው። አብዛኞቹ እሺ ይላሉ። እምቢ የሚሉ ከሆነ፣ ወይም እሺ ብለው እያንዳንዷ ፋይናል ላይ ማስተማሩን ከቀጠሉ፣ የትምህርት ቤቱን የበረራ ኃላፊ ሌላ አስተማሪ እንዲመድብልሽ ጠይቂ። ገንዘቡን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። መልሳቸውን ሳትሰሚ ግን ቅዳሜ ጠዋት ሰርኪት አትግቢ። በሥራ ቀን፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ጀምሩት።